ዌሊንግተንን በካምፐርቫን በአንድ ቀን መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኒው ዚላንድ ዋና ከተማ ዌሊንግተን ማዕከሏ ትንሽ ነው፤ ዙሪያዋን ኮረብታ ከቧታል፤ ነፋሷም ዕረፍት የለውም። ካምፐርቫን፣ ማለትም መኝታና ወጥ ቤት ያለው መኪና፣ ይዞ ለሚመጣ ሰው ቀኑን የሚያሳምሩትም የሚያበላሹትም ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መኪናው የት እንደቆመና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ። የሚበዙት ጥያቄዎችም ዞረው ዞረው እዚሁ ላይ ያርፋሉ።

ነፋሱ እዚህ ይህን ያህል የሚበረታው ለምንድን ነው?

ከተማዋ ያለችው ከምድር ወገብ በስተደቡብ 41ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ኬክሮስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሰፊውን ውቅያኖስ ያለ ከልካይ አቋርጦ ይመጣል። ኒው ዚላንድ ሲደርስ ግን የተራራ ሰንሰለት ይጋረጥበታል፤ በደቡብ ደሴት የደቡብ አልፕስ፣ በሰሜን ደሴት የታራሩዋና የሬሙታካ ተራሮች። በመካከላቸው ያለው ትልቅ ክፍተት የኩክ ሰርጥ ነው፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቱ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አየሩ በሁለት ፎቆች መካከል ባለች ቀጭን መተላለፊያ እንደሚያልፍ ሁሉ ወደዚያ ተጨናንቆ ይገባና ፍጥነቱ ይጨምራል። ዌሊንግተን የተቀመጠችው ደግሞ ክፍተቱ አፍ ላይ ነው።

በዚህ ምክንያት ነፋሱ በአብዛኛው ሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው። ዘወትር የሚነፍሰው የሰሜኑ ነው፤ ይገፋል እንጂ ብዙም አይበርድም። የደቡቡ የሚመጣው ከቀዝቃዛው ባሕር ስለሆነ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። መጠንቀቅ የሚገባው ግን በተለይ ሽግግሩን ነው። ሰሜኑ ሲነፍስ ውሎ በድንገት ጸጥ ይላል፤ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፤ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ደቡቡ ይደርስና ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ያሽቆለቁላል። ትንበያው ላይ የደቡብ ለውጥ የሚመጣበት ሰዓት ከተጻፈ ከዚያ በፊት ከባሕሩ ዳርቻ ለቀው ቢወጡ ይሻላል።

ነፋሱ የሚበረታው በአገሬው ጸደይ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ ነው። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ የሚታመን ወር የለም።

ቀኑን እንዴት ላቅድ?

የሚታዩ ቦታዎችን ዝርዝር ከማውጣትዎ በፊት ጠዋት የአገሪቱን የአየር ጠባይ ድርጅት፣ የሜትሰርቪስን ትንበያ ይክፈቱ። ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፤ አማካዩን ፍጥነትና ድንገት የሚመታውን ከፍተኛ ፍጥነት። ረጅም ቫን ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ሁለተኛው ነው። እሱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ካለፈ ቫኑን አንድ ቦታ አቁመው በእግር፣ በአውቶቡስና በባቡር ቢዘዋወሩ ይሻላል። ወደ 90 ከተጠጋ ከፍ ያለ ቫን ይዘው በገላጣ መንገድ ላይ ባይወጡ ይመረጣል፤ ጉዞውን በግማሽ ቀን ማዘግየት ምንም አያሳጣዎትም።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ይዩ። ከተማዋ በሰሜን በኩል ወደብ፣ በደቡብ በኩል ክፍት ባሕር አላት፤ አንዱ ወገን ሲደበደብ ሌላው በኮረብታ ይከለላል። የሰሜን ነፋስ ባለበት ቀን ኦሪየንታል ቤይና ኢቫንስ ቤይ ፊት ለፊት ይመታሉ፤ በደቡቡ ዳርቻ ያሉት አይላንድ ቤይና ኦዊሮ ቤይ ግን የተሻለ ጥላ ያገኛሉ። ደቡቡ ሲነሳ ነገሩ ይገለበጣል። ማዕበሉ ጠጠርና የባሕር አረም እስከ አስፋልቱ ድረስ ይወረውራል፤ የዳርቻው መንገድም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ቀን ወደቡ ዳር፣ ቶርንደን ሠፈርና ሙዚየሞቹ ይሻላሉ። ሁለት ዕቅድ ይዘው ይምጡ፤ የትኛው እንደሚሆን ነፋሱ ይወስናል።

የቀኑ ርዝመትም ይለያያል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በአገሬው አቆጣጠር 21፡00 ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በሰኔ ግን 17፡00 ገደማ ይጨልማል።

ካምፐርቫኑን መሀል ከተማ የት ላቁም?

በመጀመሪያ የመኪናዎን ቁመትና ርዝመት በቁጥር ይወቁና መሪው አጠገብ ይለጥፉት። ፎቅ የሆኑት የመኪና ማቆሚያዎች የሚያስገቡት ብዙውን ጊዜ እስከ 2 ሜትር ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ቁመት ብቻ ነው። ጣሪያው የተነሳ ባለ ሁለት አልጋ ቫን እንኳ ከዚያ ይበልጣል፤ ባለ አራትና ባለ ስድስት አልጋዎቹ ከ3 ሜትር በላይ ናቸው። መግቢያው ላይ የተንጠለጠለው ብረት ለማስፈራሪያ የተሰቀለ አይደለም። የጣሪያና የመኪና ሥር ጉዳትን ብዙ የኪራይ ውሎች ከኢንሹራንስ ውጭ ያደርጉታል፤ አንድ ጊዜ መጋጨት ያስያዙትን ገንዘብ በሙሉ ሊያስበላዎት ይችላል።

የቀረው ምርጫ ጣሪያ የሌለው ማቆሚያና የመንገድ ዳር ነው። ወደቡ ዳር፣ በቴ ፓፓ ሙዚየም አቅራቢያ ክፍት ማቆሚያ አለ፤ ለአጭር ቫን ምቹ ቢሆንም ረፋድ ላይ ይሞላል። በመንገድ ዳር የተሰመረው ሳጥን ለተራ መኪና የተለካ ስለሆነ 7 ሜትር የሆነ ቫን አይበቃውም፤ ጭራው ከመስመሩ ከወጣ ያስቀጣል። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ የሰዓት ገደብ ስላለው አጠገቡ ያለውን ምልክት አንብበው ሳይጨርሱ ከመኪናው አይራቁ። ማሽኑ የታርጋ ቁጥር ይጠይቃል፤ የኪራይ መኪና ታርጋ በቃል አይታወቅምና በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ከ6 ሜትር ለሚያንስ ቫን፣ በሥራ ቀን ማልደው ከመጡ መሀል ከተማው ይቻላል። ከዚያ ለሚረዝም አይሞክሩት፤ ቦታ ፍለጋ ሲዞሩ ጠዋቱ ያልቃል። ቀጣዩን ያንብቡ።

ቫኑን ከከተማ ውጭ ትቼ መግባት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ለትልቅ ቫን ከሁሉ የሚሻለውም ይህ ነው። በሁለቱ የባቡር መስመሮች ላይ፣ ማለትም በሃት ሸለቆ በኩል በፔቶኒና በዋተርሉ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ በፖሪሩዋና በፓሬማታ ጣቢያዎች፣ ለባቡር ተሳፋሪዎች የተዘጋጀ ማቆሚያ አለ። ከፔቶኒ መሀል ከተማ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ከፖሪሩዋም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በሥራ ቀን ሠራተኛው ማለዳ ስለሚሞላው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቦታ አይጠብቁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ይለቀቃል። ሌሊት ለማደር የተፈቀደ አይደለም።

ለአውቶቡስም ለባቡርም ስናፐር የሚባለው ካርድ ይሠራል። ሲሳፈሩም ሲወርዱም ማስነካት አለብዎት። ሲወርዱ የረሳ ሰው ሙሉ መንገድ እንደሄደ ተቆጥሮ ይከፍላል፤ በባቡር ላይ ማስነኪያው ያለው ጣቢያው መድረክ ላይ ስለሆነ ደግሞ መርሳት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ካርድ ይግዙ።

በእግር ምን ምን ላይ? በምን ቅደም ተከተል?

ከባቡር ጣቢያው እስከ ኮርትኒ ፕሌስ ያለው መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው፤ ዋናው ነገር ሁሉ በዚያ ዙሪያ አለ። ከጣቢያው ይጀምሩ።

ጣቢያውን ለቀው ሲወጡ ፊት ለፊት በ1876 (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው የቀድሞው የመንግሥት ሕንፃ ይታያል። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው፤ በዓለም ካሉት ትላልቅ የእንጨት ሕንፃዎችም አንዱ ነው። ዛሬ የሕግ ትምህርት ቤት ሆኗል። ከእሱ አልፎ ፓርላማው አለ። ክቡ ሕንፃ፣ አገሬው የንብ ቀፎ የሚለው፣ ንድፉን ያወጣው ብሪታንያዊው አርክቴክት ባዚል ስፔንስ ነው። ነፃ ጉብኝት አለው፤ አስቀድመው ይመዝገቡ፤ በር ላይ ፍተሻ ስላለ የወጥ ቤት ቢላዋና የኪስ ሰንጢ መኪናው ውስጥ ይተዉ።

ፓርላማው አጠገብ ያለውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል። ሊያልፉት ግን አይገባም። «ሄ ቶሁ» በሚባለው ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰነዶች ተቀምጠዋል፤ የ1835ቱ የነፃነት አዋጅ፣ በአገሩ ነባር ሕዝብ በማኦሪ መሪዎችና በብሪታንያ ዘውድ መካከል በ1840 የተፈረመው የዋይታንጊ ውል፣ እና ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በ1893 የቀረበው አቤቱታ። ኒው ዚላንድ በዚያው ዓመት ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠች የመጀመሪያዋ ራሷን የምታስተዳድር አገር ሆነች። መግቢያው ነፃ ነው፤ ዝናብና ነፋስም አያገኝዎትም።

ከዚያ በላምብተን ኪይ ይውረዱ። ዛሬ ባንክና ሱቅ የተደረደረበት ይህ ጎዳና ድሮ የባሕር ዳርቻ ነበር። በ1855 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ምድሩን ከፍ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህም ባሕሩ እየተሞላ ከተማው ወደ ፊት ገፋ። የቀድሞው የውሃ ዳር የት እንደነበር የሚያመለክቱ ሰሌዳዎች የእግረኛው መንገድ ላይ ተተክለዋል። መሀሉ ላይ በ1902 ሥራ የጀመረው የገመድ ባቡር መነሻ አለ። 612 ሜትር ርዝመት ባለው ሐዲድ 120 ሜትር ከፍ ብሎ በ5 ደቂቃ ገደማ ኬልበርን ያደርሳል። መውጫውን ብቻ ይክፈሉና ሲመለሱ በዕፅዋት መናፈሻው ውስጥ በእግር ወደ ቶርንደን ይውረዱ፤ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ዛፉም ነፋሱን ይሰብራል።

ከሰዓት በኋላ ወደብ ወደብ እያሉ ወደ ቴ ፓፓ ይሂዱ። ቡና ካማረዎት ከዚያ የ10 ደቂቃ መንገድ ኪዩባ ስትሪት አለ፤ የተሽከርካሪ መግቢያ የሌለው ክፍሉ በካፌ የተሞላ ነው።

ቴ ፓፓ ስንት ሰዓት ይፈልጋል? ይከፈላል?

በ1998 የተከፈተው ይህ ብሔራዊ ሙዚየም በአገሬው ሰዓት ከ10፡00 እስከ 18፡00 ክፍት ነው፤ የሚዘጋው በገና ዕለት ብቻ ነው። ለኒው ዚላንድ ነዋሪዎች ነፃ ሲሆን ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የውጭ ጎብኚዎች ከመስከረም 2024 ጀምሮ 35 የኒው ዚላንድ ዶላር ይከፍላሉ።

ሁሉንም ልይ ካሉ አንድ ቀን አይበቃም። ሦስት ሰዓት ካለዎት በ1915 የጋሊፖሊ ዘመቻ ላይ በተሠራው ትርኢት ይጀምሩ፤ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ በላይ የሚሆኑት የወታደሮች ምስሎች የላብ ጠብታቸው ሳይቀር ተሠርቷል። ቀጥሎ የማኦሪ መሰብሰቢያ ቤት ያለበትን ፎቅ፣ ከዚያም የግዙፉን ስኩዊድ አካል ይዩ። ሕንፃው ራሱ የቆመው የመሬት መንቀጥቀጥን በሚያለዝቡ የጎማና የእርሳስ መሠረቶች ላይ ነው። ቴክኖሎጂው እዚሁ አገር ውስጥ የተፈለሰፈ ሲሆን በውጭ በኩል ወርዶ ማየት ይቻላል።

ወደ ቪክቶሪያ ተራራ ጫፍ በቫን መውጣት ይቻላል?

ትንሽ ቫን ይወጣል፤ ትልቁን አንመክርም። 196 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ጫፍ ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና ከተማውን በአንድ ጊዜ ያሳያል። መንገዱ ግን ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ላይ ያለው ማቆሚያም በጣም ጥቂት ስለሆነ ቦታ ያጣ ረጅም ቫን መዞሪያ አጥቶ ሌላውን ሁሉ ያግታል። ከኮርትኒ ፕሌስ ጫፍ ተነስተው በእግር ቢወጡ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጅብዎታል። ጫፉ ላይ ነፋሱ ከታች ካለው እጅግ ይበረታል፤ ኮፍያ ያውልቁ፤ ስልክ ይዘው ከአጥር ውጭ እጅዎን አይዘርጉ፤ ሕፃን ልጅን በእጅ ይያዙ።

ዚላንዲያን በዚሁ ቀን ማስገባት እችላለሁ?

ቴ ፓፓን ከተዉ፣ አዎ። ዚላንዲያ 225 ሄክታር የሚሸፍን የዱር ሸለቆ ነው፤ አይጥ፣ ድመትና ሌሎች አዳኞች እንዳይገቡ 8.6 ኪሎ ሜትር አጥር ዙሪያውን ታጥሮለታል። እንሽላሊት የሚመስለውን ቱዋታራን፣ ታካሄና ካካ የሚባሉትን ወፎችም በቀን ማየት ይቻላል። ከገመድ ባቡሩ የላይኛው ጣቢያ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። መግቢያው ላይ ቦርሳዎን እንዲፈትሹ ይጠየቃሉ፤ ከቫን ይዘውት የመጡት ቦርሳ ውስጥ አይጥ ተደብቃ ልትገባ ስለምትችል ነገሩን ከልብ ይውሰዱት። ነፋሱ በጣም ሲበረታ ዛፍ ስለሚወድቅ ሊዘጋ ይችላል፤ ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ቫኑን ከነፋስ ጉዳት እንዴት ልጠብቅ?

በብዛት የሚበላሸው በር ነው። የፊት በሮች የሚታጠፉት ከፊታቸው ጫፍ ስለሆነ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ትንሽ የተከፈተውን በር ነጥቆ ወደ ፊት ይመታዋል። ማጠፊያው ይጣመማል፤ የበሩ ጠርዝ የፊቱን ቆርቆሮ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ በሩ በትክክል አይዘጋም። ስለዚህ ሲያቆሙ የመኪናው አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ነፋሱ በሩን ለመዝጋት እንጂ ለመገንጠል አይገፋም፤ የኋላው በርም ጥላ ያገኛል። ጣት እንዳይቆነጠጥ ብቻ ይጠንቀቁ።

በዚያ አቅጣጫ መቆም ካልተቻለ በተንሸራታቹ የጎን በር ይጠቀሙ፤ እሱን ነፋስ አይነጥቀውም። ተሳፋሪዎች በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ እንዳይከፍቱ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሁለት በሮች ትይዩ ሲከፈቱ ነፋሱ ቫኑን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወረቀት፣ ብርድ ልብስና ሳህን ይዞ ይወጣል፤ የጣሪያውን መስኮትም ከውስጥ ገፍቶ ሊነቅለው ይችላል። በር የሚከፍት ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጀታውን በሁለት እጁ ይያዝ።

የጣሪያ መስኮት ከመነሳትዎ በፊት መዘጋቱን በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ገፍተው ያረጋግጡ። የጎኑን የሸራ ጥላ በዚህች ከተማ አይዘርጉት፤ ጠዋት ጸጥ ያለ ቢመስልም አንድ ምት ክንዱን ይሰብረዋል። ጣሪያው የሚነሳ ቫን ከሆነ ነፋስ ባለበት ሌሊት ዝቅ አድርገው ታች ይተኙ።

ምግብ ሲያበስሉ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን መስኮት ዘግተው በተቃራኒው ያለውን ይክፈቱ። ሁሉንም ዘግቶ ጋዝ ማንደድ ያፍናል። ምድጃውን ቫኑን ለማሞቅ በፍጹም አይጠቀሙበት። ጋዝ የሚያቃጥል ፍሪጅ ካለዎት የአየር ማስገቢያው ውጭ በጎን በኩል ስለሆነ ነፋስ እሳቱን ያጠፋዋል፤ ምግቡ ሲሞቅ ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

በደቡቡ ዳርቻ ካደሩ ጠዋት ፓራብሬዛው በጨው ተሸፍኖ ያገኙታል። ደረቁን በመጥረጊያ አይፈግፍጉት፤ ጨውና አሸዋ መስታወቱን ይቧጭራል። በሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ከዚያ ይጥረጉ። የኋላ ማሳያ ካሜራ ካለዎት እሱንም ያጽዱ።

ወደ ከተማዋ ሲገቡ የትኛው መንገድ ያስቸግራል?

ኒው ዚላንድ የሚነዳው በግራ ነው፤ ይህ ለሚያስቸግረው ሰው ዌሊንግተን መለማመጃ አትሁን።

ከሰሜን የሚያስገባው ዋናው መንገድ በመጋቢት 2022 መጨረሻ የተከፈተው ትራንስሚሽን ጋሊ ነው፤ 27 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሰፊ ቢሆንም አቀበቱና ቁልቁለቱ ከባድ ነው፤ ጫፉም ለነፋስ ገላጣ ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን ብቻ ይዘው አይውረዱ፤ ማርሹን ይቀንሱና ሞተሩ ይያዘው፤ አለበለዚያ የተጫነ ቫን ፍሬኑ ይግላል። ከጎን የሚመታው ነፋስ የሚያስደነግጠው ከተቆረጠ ኮረብታ ጥላ በድንገት ሲወጡ ነው። ያንን ቦታ ከሩቅ ይለዩና ከመድረስዎ በፊት ፍጥነት ቀንሰው መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ። ትልቅ የጭነት መኪና ሲቀድሙም ነፋሱ ለአፍታ ይጠፋና ሲያልፉት መልሶ ይመታዎታል። ባሕሩን ይዞ የሚሄደው የድሮው መንገድ፣ ዛሬ ቁጥር 59 የተባለው፣ እይታው ያማረ ነው።

ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዋይራራፓ አውራጃ በኩል የሚመጣ ሰው በ555 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያልፈውን የሬሙታካ ኮረብታ መንገድ ይሻገራል። ለከፍተኛ ተሽከርካሪዎች የነፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣለት ይጠብቁ። እዚህ ላይ ድፍረት አይጠቅምም።

መሀል ከተማ ስልኩ የሚመራዎትን ሁሉ አይመኑ። ላምብተን ኪይ፣ ዊሊስ፣ ማነርስና ኮርትኒ ፕሌስ የአውቶቡስ መስመር አላቸው፤ ገብቶ የተገኘ በካሜራ ይቀጣል። ወደ ሃታይታይ ሠፈር የሚያሳልፈው ትንሹ ዋሻ ለአውቶቡስ ብቻ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው የቪክቶሪያ ተራራ ዋሻ ነው።

ሌሊቱን በከተማዋ ውስጥ ማደር ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፤ በተመደበ ቦታና ራሱን የቻለ የሚል ምስክር ወረቀት ላለው ቫን ብቻ። በ2023 የወጣው ሕግ ቫኑ ውስጥ የተተከለ ሽንት ቤት እንዲኖር ያስገድዳል፤ ተነቃይ ባልዲ አይበቃም። ምልክቱ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ወረቀት ነው። የኪራይ ቫኖች ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ይህን መያዝ ግዴታቸው ሆኗል፤ ለግል ቫኖች የቀድሞው ሰማያዊ ወረቀት እስከ ሰኔ 2026 ተራዝሟል። ቫኑን ሲረከቡ ወረቀቱን በዓይንዎ አይተው የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። ያለ ፈቃድ ሲያድር የተገኘ የሚቀጣው በመቶዎች ዶላር ነው።

የከተማው ምክር ቤት ለዚህ ሲጠቀምባቸው የቆዩት የታወቁ ቦታዎች የኢቫንስ ቤይ የጀልባ ማቆሚያ ሜዳና በኦዊሮ ቤይ ጫፍ ያለው ቴ ኮፓሁ ናቸው። ደንቡ ስለሚሻሻል በዚያው ሳምንት የምክር ቤቱን ገጽ ይመልከቱ፤ ቦታው ላይ የተተከለው ምልክት ደግሞ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ ይበልጣል። ምርጫዎን ነፋሱ ይወስንልዎት። ኢቫንስ ቤይ ለሰሜኑ፣ ቴ ኮፓሁ ለደቡቡ ገላጣ ናቸው። የተሳሳተው ጋ ያደረ ሰው ቫኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲወዛወዝ ያድራል።

ቴ ኮፓሁ ያደረ ሰው ጠዋት በዳርቻው እስከ ቀይ አለቶቹና እስከ አቆስጣዎቹ (ሲል የሚባሉት ፀጉራም የባሕር እንስሳት) ድረስ በእግር ሄዶ ለመመለስ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። አቆስጣዎቹ በብዛት የሚገኙት በክረምት ነው፤ ቢያንስ 20 ሜትር ይራቁ፤ በእነሱና በባሕሩ መካከል አይግቡ። መንገዱ የቫን አይደለም።

ሙቅ ሻወርና ኤሌክትሪክ ከፈለጉ ወደ ሃት ሸለቆ ወጣ ብለው በሚከፈልበት ካምፕ ይደሩ። የሽንት ቤቱን ካሴትና የእጥበቱን ውሃ ወደ ከተማ ከመግባትዎ በፊት ይድፉ፤ ካምፐርሜት የተባለው መተግበሪያ የመድፊያ ጣቢያዎችን ያሳያል።

ባሕር ዳር ስተኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢከሰትስ?

ዌሊንግተን በስንጥቅ መስመር ላይ የተሠራች ከተማ ናት። መንቀጥቀጡ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ቆሞ ለመሄድ እስኪያቅት ድረስ ከበረታ ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቁ ወደ ከፍታ ይሂዱ፤ ሱናሚ በደቂቃዎች ሊደርስ ይችላል። በባሕር ዳር ሠፈሮች አስፋልቱ ላይ የተቀቡ ሰማያዊ መስመሮች አሉ፤ ከእነሱ በላይ ያለው ከውሃው ነፃ ተብሎ የተለየ ቦታ ነው። ማታ ሲያቆሙ ቅርቡ መስመር በየት በኩል እንዳለ ይዩና በእግር የሚደረስበትን መንገድ ያስቡ። ቫኑን ለማዳን አይሞክሩ፤ መንገዱ ይጨናነቃል። የአደጋ ጊዜ ስልክ 111 ነው።

ዣንጥላ ልያዝ?

አይያዙ። ባለ ኮፍያ፣ ገመዱ አገጭ ሥር የሚታሰር ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይበልጣል።

ለቫኑ ወጥ ቤት ምግብ የት ልግዛ?

እሑድ ጠዋት ከሆነ ቴ ፓፓ አጠገብ የወደብ ዳር ገበያ ይቆማል፤ አትክልት፣ ፍራፍሬና ዓሣ ከዚያ ይገኛል። ግን በዚያ ሰዓት አካባቢው ለቫን ማቆሚያ አይመችም፤ በእግር ይምጡ። በሌላ ቀን በዌክፊልድ ስትሪት ያለው ኒው ወርልድ ሱፐርማርኬት ቅርብ ነው፤ ማቆሚያው ለደንበኛ ብቻና ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ቫኑን እዚያ ትተው ከተማ አይዙሩ።

በማግሥቱ በመርከብ ወደ ደቡብ ደሴት እሻገራለሁ። ምን ላዘጋጅ?

በደቡብ ደሴት ወዳለው የፒክተን ወደብ የሚወስዱት ኩባንያዎች ሁለት ናቸው፤ ኢንተርአይላንደርና ብሉብሪጅ። ጉዞው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። መነሻቸው ግን አንድ አይደለም። የብሉብሪጅ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ የኢንተርአይላንደር ደግሞ ከዚያ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ርቆ ነው። ብዙ ሰው በመጨረሻው ሰዓት የተሳሳተው በር ላይ ይገኛል፤ ማታውኑ ትኬቱን አውጥተው ይዩ።

ቦታ ሲይዙ የሚጽፉት ርዝመት የብስክሌት መስቀያውንና ከኋላ የወጣውን ሁሉ ይጨምር። ያነሰ ጽፎ የመጣ ሰው ልዩነቱን እንዲከፍል ይጠየቃል፤ መርከቡ ሙሉ ከሆነም ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይድረሱ።

የኩክ ሰርጥ ማዕበል ከበረታ ጉዞው ይዘገያል ወይም ይሰረዛል። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። ሚያዝያ 10 ቀን 1968 ዋሂኔ የተባለችው መርከብ በወደቡ አፍ ላይ በማዕበል ተመትታ ስትሰጥም በዚያው ዕለት 51 ሰዎች ሞተዋል፤ መታሰቢያው ሲታውን በሚባለው ሠፈር አለ። ስለዚህ ከመርከቡ በኋላ የሚመጣውን የካምፕ ቦታና ቀጠሮ በዚያው ቀን ጠባብ ሰዓት ላይ አያስሩ።

ሰልፍ ላይ ሳሉ የጋዙን ሲሊንደር ከራሱ አናት ላይ ይዝጉ፤ ምድጃውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ከማታው አቀዝቅዘው ይተዉት፤ በር ካልተከፈተ እስከ ፒክተን ይቆያል። ቁም ሣጥኖቹን ይቆልፉ፤ መርከቡ ላይ ሲያቆሙ ማርሽ ያስገቡና የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ተሽከርካሪ ያለበት ወለል በጉዞው ጊዜ ስለሚዘጋ ጃኬት፣ መድኃኒት፣ የስልክ ቻርጀርና የልጆች ምግብ አስቀድመው ይዘው ይውጡ። የባሕር ሕመም የሚይዘው ሰው ክኒኑን መርከቡ ከመነሳቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ቢውጡት እምብዛም አይረዳም።